ከታሸገው ቤት የሚሰማ ዜማ

በዚያ ክረምት ልደታ ላይ ሰማዩ አላባራም፤ ቧንቧው ግን ደረቀ። ሰኔ አለፈ፤ ሐምሌ ገባ። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ጭቃ ሆነ። ሰው የሚጠጣውን በቢጫ ጀሪካን ከጌጃ ሰፈር ያመጣ ነበር። ፊቱን በአንድ ጣሳ ይታጠባል፤ እግሩን ይተወዋል። መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል። ሕፃናት ያስላሉ። ነሐሴ ሳይገባ ከአንዱ ሕንፃ ሁለት አስከሬን ወጣ። ሦስተኛው የአቶ ወልደገብርኤል ነበር።

አቶ ወልደገብርኤል ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው በታይፕ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጣታቸው ሲደክም ታይፑን ሸጠው አዲስ ላፕቶፕ ገዙ። እህታቸው ወርቅዬ አንድ ጠዋት ዳቦ ይዘው ቢመጡ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው አገኟቸው። ቀኝ እጃቸው ላፕቶፑ ላይ ነበር። የቻርጀሩ ገመድ አንድ ቦታ ላይ በናስትሮ ተጠቅልሏል።

ሐኪሙ የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነው አለ። ገመዱን የጠገነው ነስረዲን የሚባል ወጣት ነበር፤ ተክለ ሃይማኖት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው። ፖሊስ ከሱቁ ወስዶ አሰረው። የሟቹን ቤት በር አሸገ። ገመዱን ከሶኬት ሊነቅል የደፈረ ግን አልነበረም። ላፕቶፑ እንደተሰካ ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ከታሸገው ቤት ዜማ ተሰማ።

ላፕቶፑ ሲነሳ የሚያሰማት አጭር ዜማ ናት። መጋረጃው ላይ ሰማያዊ ብርሃን ይታያል። ይጠፋል። ዜማዋ እንደገና ትመጣለች። ሰው በዚያ ኮሪደር ማለፍ ተወ። ነዋሪው ተሰብስቦ ለፖሊስ ጣቢያው አቤት አለ። ኢንስፔክተር ኮከቤ የተላከችው ለዚህ ነበር። ለሟቹ ሳይሆን ለዜማው።

ኮከቤ አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። መጀመሪያ ያነጋገረችው ሰሚራን ነው። ሰሚራ ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ ትነግዳለች፤ ቤቷ ከሟቹ ቤት በላይ ነው።

«ዕቃው ድሮም እንዲህ ነበር» አለች ሰሚራ። «አዲስ የሆነው እሳቸው አለመኖራቸው ነው።»

«ድሮ ምን ያደርግ ነበር?»

«ጽፈው ጽፈው ሊጨርሱ ሲሉ ድርግም ይላል። ከዚያ ራሱ ይነሳና ይዘፍናል። ሲራገሙ ወለሉን አልፎ ይሰማኛል። አንድ ቀን ‹ጋሼ፣ ለምን አያስጠምቁትም› ብላቸው፣ ‹ጸበሉን ለእኛ ተዪልን› አሉኝ።» ፈገግታዋ ወዲያው ጠፋ። «አሁን ልጆቼን ይዤ እህቴ ጋ ነው የማድረው። ያቺን ዜማ ስሰማ እጃቸው ይታየኛል።»

«የሞቱ ዕለት አየሻቸው?»

«አላየሁም፤ ሰማኋቸው። ሊመሽ ሲል፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ዜማዋ ተሰማች። በራቸው ተከፈተ። ‹ዛሬ ያዝኩህ› አሉ።»

«ማንን ነው?»

«ኮምፒውተሩን መስሎኝ። ከእሱ ሌላ ከማን ጋር ይጣላሉ?»

ኮከቤ አልመሰላትም። ኮምፒውተሩን የያዘ ሰው በር አይከፍትም።

ከሟቹ ቤት ቀጥሎ ያለው የፍሬምናጦስ ላውንደሪ ነው። ፍሬምናጦስ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ነጭ ጋዋኑ እንከን የለውም፤ ጣቶቹን በረኪና ሰነጣጥቋቸዋል።

«መንፈስ ነው ኢንስፔክተር» አለ። «ጋሼ ወልዴ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ነው የሄዱት። ልጁ ክፉ ነው አልልም። ግን በናስትሮ የተጠቀለለ ገመድ ለሽማግሌ ይሰጣል?»

«ያን ዕለት ማታ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የሆቴል አንሶላ ነበረብኝ። ከበሩ አልወጣሁም።»

«ውሃ ከየት ያገኛሉ?»

«ጓሮ ገንዳ አለኝ፤ የጣሪያውን ውሃ ያጠራቅማል። በሞተር እስበዋለሁ። እግዜር ይመስገን፣ እኛ አልቸገረንም።»

ኮከቤ ማሸጊያውን ካነሳች በኋላ ወርቅዬ የወንድማቸውን በር ራሳቸው ከፈቱላት። ደፍ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። ቤቷ ንጹሕ ናት። የሶፋው ላስቲክ አልተቀደደም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ታስሯል። መደርደሪያው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ጥቁር ነገር አለ። ኮከቤ ፈታ አየችው። የላፕቶፑ ባትሪ ነው።

«እንዳያረጅ ብሎ ነው» አሉ ወርቅዬ። «አዲስ ዕቃ ሲገዛ ግማሹን ያስቀምጣል። አባታችንም እንዲሁ ነበር።»

«መነጽራቸው የት ተገኘ?»

«ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ከነማኅደሩ።»

«ያለ መነጽር ያነቡ ነበር?»

«የገዛ ስሙንም አያነብ።»

«ካልሲያቸውስ?»

ወርቅዬ ትንሽ አሰቡ። «ርጥብ ነበር። ጨምቄ ነው ያሰጣሁት።»

ጫማቸው በሩ አጠገብ ነበር። ኮከቤ አንስታ አሸተተችው። ጭቃ የለበትም። በረኪና ይሸታል።

«ይህን ማን አጠበው?»

«እኔስ አላጠብኩም። ለመጠጥ ያጣነውን ውሃ ለጫማ ማን ያውለዋል?» ወርቅዬ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ስለ ጫማ ምን አስጨነቀሽ ልጄ? ወንድሜን የገደለው ታስሯል። እዚያው ይበስብስ።»

ነስረዲን ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከታሰረ ወዲህ ጢሙን አልተላጨም።

«ገመዱን የጠቀለልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ግን እኔ የጠቀለልኩት ከቻርጀሩ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደውን ነው። እሱ ሰው አይገድልም። በምላስዎ ቢነኩት ቆንጠጥ ቢያደርግዎ ነው። ተናገርኩ፤ የሰማኝ የለም።»

«ላፕቶፑስ ምን ነበረው?»

«ምንም። እሱ ነው ያሳበደኝ። እኔ ሱቅ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። እሳቸው ቤት ሲገባ ይለከፋል። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ሚሞሪውን ቀየርኩ። የቻርጀሩን ገመድ ጠገንኩ። ያው ነው። ባትሪውን ያስገቡ ብላቸው እምቢ አሉ። በመጨረሻ ቁልፍ መጫን ሰለቸኝ ስላሉኝ፣ መብራት ሲመለስለት ራሱ እንዲነሳ አደረግሁት።»

«ሱቅህ ውስጥም ያለ ባትሪ ነው የሚሠራው?»

«አዎ። ግን እኔ ስታብላይዘር አለኝ። መብራቱ ቢዋዥቅ አይነካውም።»

«ይህን ሁሉ የለፋህበት ምን ሊከፍሉህ ነው?»

«ምንም አልቀበላቸውም። አባቴ ነው የሚልከኝ። ‹ወልዴ ከጠራህ ሥራህን ጥለህ ሂድ› ይለኛል።» አንገቱን ደፋ። «አባቴ የልብ ሕመምተኛ ነው፣ ኢንስፔክተር። ከተፈረደብኝ ስወጣ አላገኘውም።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ኮከቤ ብቻዋን ሟቹ ቤት ገባች። ዳመናው ቀኑን አጨልሞታል። አምፖሉን አብርታ ከሟቹ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጠች። ላፕቶፑ ተከፍቶ ያበራል። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ትራሱ ላይ ግን የሰውነታቸው ጉድጓድ ገና አልሞላም። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ብዙ ቆየች።

አምፖሉ ፈዘዘ። ላፕቶፑ ድርግም አለ። ባዶው ወንበር ከዓይኗ ተሰወረ። ከዚያ አምፖሉ ተመለሰ። ላፕቶፑ ነቃ፤ ዜማዋ በጭርታው ውስጥ ተሰማች። የኮከቤ የክንድ ፀጉር ቆመ። ቢሆንም አልተነሳችም። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አደረገች።

ከግድግዳው በስተጀርባ አንድ ነገር ያጉረመርማል። ጥቂት ቆይቶ ዝም አለ። እንደገና ማጉረምረም ሲጀምር አምፖሉ ፈዘዘ፤ ላፕቶፑ ጠፋ፤ ዜማዋ መጣች።

ኮከቤ ወደ ላውንደሪው ጓሮ ወጣች። ገንዳውን አየች። ሞተሩን ሳትነካ፣ ገመዱን በዓይኗ ብቻ ተከተለችው። ከቧንቧ ጋር ታስሮ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ቆጣሪዎቹ ወዳሉበት ወደ ሕንፃው መግቢያ ይሄዳል።

በሚቀጥለው ቀን ሁሉንም እዚያችው ቤት ሰበሰበቻቸው። ወርቅዬ ደፉን ተሻግረው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሰሚራ ቆመች። ፍሬምናጦስ በሩ አጠገብ ሆነ። ነስረዲንን አንድ ፖሊስ ይዞት መጣ። ወርቅዬ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ።

«አቶ ፍሬምናጦስ፣ ማሽንዎ እየሠራ ነው?» አለች ኮከቤ።

«ሠራተኛዋ እያጠበች ነው።»

«ጥሩ። እንግዲህ ስሙኝ። አቶ ወልደገብርኤል የሞቱት ኮምፒውተር ላይ ሆነው አይደለም። መነጽራቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ያለ መነጽር ደግሞ አያነቡም። ሐኪሙን አነጋገርኩ፤ ቃጠሎው መዳፋቸውን ሞልቶታል። ትልቅ ነገር ጨብጠዋል። ይህ ልጅ የጠቀለለው ገመድ መዳፍ አያቃጥልም፤ ባለሙያ አስመርምሬዋለሁ።»

ነስረዲን ቀና አለ።

«ካልሲያቸው ርጥብ ነበር። ስለዚህ ውጭ ነበሩ። ውጭ ጭቃ ነው፤ ጫማቸው ግን ንጹሕ ነው። ሞተው ጫማቸውን አላጠቡም። ሌላ ሰው አጠበላቸው። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰው እግሩን ለመታጠብ እንኳ ውሃ የለውም። ለሬሳ ጫማ ውሃ የሚተርፈው ማን ነው? በረኪናስ ከእጁ የማይጠፋው?»

«እኔን ነው?» አለ ፍሬምናጦስ። «ጫማ አጠብክ ተብሎ ሰው ይከሰሳል?»

«አልጨረስኩም። ይህ ዕቃ ሱቅ ሲሄድ ደህና ነው፤ እዚህ ሲመጣ ይጠፋል። ሽማግሌው አዲሱን ባትሪ እንዳያረጅ ብለው አስቀምጠውታል። ስለዚህ መብራቱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ሲደክም ዕቃው ይሞታል፤ ሲመለስ ይነሳል። መብራቱን የሚያደክመው ምንድን ነው? ሰሚራ፣ አቶ ወልደገብርኤል ምን ብለው ነበር የወጡት?»

«‹ዛሬ ያዝኩህ›።»

«ያዙት። አምፖሉ ሲፈዝ አዩ፣ ግድግዳው ሲያጉረመርም ሰሙ። ድምፁን ተከትለው ሄዱ።» ኮከቤ ወደ ፖሊሱ ዞረች። «የቆጣሪውን ሳጥን ክፈት። የሟቹን ብሬከር ብቻ አውርደው።»

ፖሊሱ ወጣ። ከግድግዳው በስተጀርባ ሞተሩ እያጉረመረመ ነበር። ላፕቶፑ ጠፋ። አምፖሉ ጠፋ። በዚያው ቅጽበት ማጉረምረሙ ቆመ።

«የሟች ቆጣሪ ሲጠፋ የቆመው የማን ሞተር ነው?» አለች ኮከቤ።

ፍሬምናጦስ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ፤ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«የእኔ ቆጣሪ ማሽኑንና ሞተሩን ባንድ ላይ አይችልም» አለ። «ከእሳቸው ሳብኩ። ብቻቸውን ናቸው፣ አይሰማቸውም ብዬ።»

«ሲደርሱብህ ምን አሉህ?»

«‹አንተ ነህ እንዴ መንፈሱ?› አሉኝ። ሳቁ። ምነው በተቆጡኝ። ከዚያ ሞተሩን ሊያጠፉ እጃቸውን ሰደዱ። ርጥብ ነበር።»

«ሲወድቁ ይተነፍሱ ነበር?»

ፍሬምናጦስ ጣቶቹን ያይ ጀመር።

«ተጠየቅህ።»

«ትንሽ» አለ። «ትንሽ ይተነፍሱ ነበር። ሰው ከጠራሁ ገመዱ ይታያል። ቆየሁ። ከዚያ ተሸክሜ አስገባኋቸው።»

ሰሚራ ፊቷን ሸፈነች። ወርቅዬ ግን አላለቀሱም። ነስረዲንን እያዩ ነበር።

«ከዚያስ በኋላ ሞተሩን ለምን አልነቀልክም?» አለች ኮከቤ።

«ሳጥኑ መግቢያው ላይ ነው፤ ሰው አይጠፋበትም። አንሶላውም ይጠብቀኛል። ውሃ በሳብኩ ቁጥር ያቺ ዜማ ትመጣለች። መንፈስ ነው ያልኩት እናንተን ለማታለል ነበር፤ ኋላ እኔም አመንኩት።»

ፖሊሱ አስነሳው። ሲወጣ ነጩ ጋዋን ከወለሉ አቧራ ይዞ ነበር፤ አላራገፈውም።

ነስረዲን በተፈታ ዕለት ወርቅዬ ጣቢያው በር ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። በጭቃው ውስጥ ተከታትለው ጌጃ ሰፈር ድረስ ሄዱ። አባቱ በከር ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ሲያዩ መነሳት አቃታቸው። ነስረዲን ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ልጅህን ረግሜው ነበር» አሉ ወርቅዬ።

«ሰምቻለሁ» አሉ በከር።

«በቀይ ሽብር ጊዜ ወልዴን ጓዳህ ደበቅኸው። ይዘውህ ሲገርፉህም ስሙን አላወጣህም። ይህን ለልጅህ ነግረኸዋል?»

«ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ያለፈ ነገር ነው።»

«ለእሱ አላለፈም። ‹የበከር ብድር አለብኝ፤ ነፍስ ነው የሰጠኝ፤ በምን እመልሰዋለሁ› እንዳለ ነው የሞተው። ያ ዕቃው ዝም ቢል ኖሮ ፖሊስ አይመለስም ነበር፣ በከር። ልጅህም አይወጣም ነበር።»

በከር እጃቸውን የነስረዲን ራስ ላይ አደረጉ። ዝናቡ ከቆርቆሮው እየወረደ ከፊታቸው ያለውን ጭቃ ይቆፍራል።

«መቃብሩ ስትሄጂ» አሉ በመጨረሻ፣ «በከር ብድሩ ደርሶኛል ብሏል በይው።»