ቀይ ቀሚስ በጥቁርና ነጭ ፊልም

መብራቱ ሲበራ ሁሉም ተነሳ፤ የኔታ ብቻ እንደተቀመጡ ቀሩ። በፊልም ወዳጆች ማኅበር ደንብ የመጨረሻው ጽሑፍ ሳያልፍ መነሳት ነውር ነው። ካለፈ በኋላ መቀመጥ ግን ማንም አስቦት አያውቅም። አንገታቸው ወደ ደረታቸው ዘንበል ብሏል፤ ባዶው የሻይ ስኒ እግራቸው ሥር ወድቋል።

ማኅበርተኛው «የኔታ» የሚላቸው አርባ ዓመት ሙሉ ፊልም ስላስተማሩ ነው። ከስድስት ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ጠፍቷል። ቢሆንም ከየአገሩ የሚመጣውን ፊልም፣ የጥንቱንም የአሁኑንም፣ «ማየት» አላቆሙም። የእህታቸው ልጅ በስተግራቸው ተቀምጣ በጆሯቸው ትተርክላቸዋለች።

ከፖሊስ የተላከችው መርማሪ በባልደረቦቿ ዘንድ «መርፌ» ትባላለች፤ ከገባችበት ክር ሳትስብ አትወጣምና። ፊልም ሲጀመር እንቅልፍ የሚጥላት ሴት መሆኗን ግን እዚህ ቤት ለማንም አልተናገረችም።

ሐኪሙ ከሬሳው ቀና አለ።

«መንጋጋቸው ደርቋል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ሳይጋመስ ሞተዋል። ስኒው ሥር ያልሟሟ የክኒን ዱቄት አለ። የራሳቸው የልብ መድኃኒት ይመስላል፤ መጠኑ ግን ለሰፈር የሚበቃ ነው።»

ሻዩን ያፈላው የፊልም አጫዋቹ ነው፤ የቀዳው የማኅበሩ ሰብሳቢ፤ ያቀበለቻቸው ልጅቷ። መርማሪዋ ሦስቱንም ለየብቻ ጠራቻቸው።

«ባለፈው ሳምንት ምስሉ ደብዝዟል ብለው ሰው ፊት አዋረዱኝ» አለ አጫዋቹ። «አያዩም እኮ! የሚያናድደው ደግሞ ልክ ነበሩ።»

የየኔታ ተማሪ የነበረው ሰብሳቢ መነጽሩን እየወለወለ «ልገድላቸው ብፈልግማ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ጽሑፌን ጉባኤ ፊት ሲቀዳድዱት ነበር» አለ። «የተማርኩት ከሳቸው ነው፤ ስህተት ካየሁ ዝም ማለት አልችልም።»

ልጅቷ ስትገባ የቀኝ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ሳበችው።

«መሞታቸውን መቼ አወቅሽ?»

«መብራት ሲበራ። ጋሼ የተኙ ነበር የመሰለኝ።»

«እስቲ እጅጌሽን ሰብስቢልኝ።»

አንጓዋ ዙሪያውን በልዟል። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ የከረመ ጥቁር። የዛሬ የሚመስል ቅላት አንድም የለበትም። መርማሪዋ እጅጌውን ራሷ መልሳ አወረደችላት።

በመጨረሻ ከኋላቸው ተቀምጣ የነበረችው ጡረተኛ ነርስ ገባች።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ይቆነጥጧት ነበር ልጄ። አንድ ነገር ትናገራለች፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ልክ ከሆነች ‹እህ› ይላሉ፣ ትቀጥላለች። ከሳተች ቁንጥጫ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ድምፅ የሌለው ያረጀ ፊልም ስለሆነ ሥራው ሁሉ የሷ ነበር። መጀመሪያ ላይ እንደ ልማዷ ተንተባተበች። ባቡሩ ጣቢያው ከደረሰ ወዲያ ግን ምን ልበልሽ! እንደ ውኃ ፈሰሰች። እኔ ራሴ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማኋት። የሙሽራዋን ቀይ ቀሚስ ስትናገርማ እንባዬ መጣ።»

መርማሪዋ አጫዋቹን መልሳ ጠርታ «ፊልሙ ባለ ቀለም ነው?» አለችው።

«ኧረ ጥቁርና ነጭ ነው!»

ከሟቹ ኮት ኪስ አንድ ደብዳቤ ወጣ። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ሁሉንም ወደ አዳራሹ ሰበሰበች። ሬሳው ተነስቷል፤ ወንበራቸው ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም።

«ሻዩን ሦስታችሁም ነክታችኋል» አለች። «ስለዚህ ሻዩን ተውኩት። የያዝኩት ዝምታውን ነው። ይቺ ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ከያንዳንዱ ነገር በኋላ ቆማ ‹እህ› እስኪሏት ትጠብቅ ነበር። ዛሬ ከባቡሩ ወዲያ አልጠበቀችም። ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ቀይ ቀሚስ አስገባች፤ አንጓዋ ላይ ግን አዲስ ቁንጥጫ የለም። ተኝተዋል ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ነቅተው ይቆነጥጡኛል ብላ ትፈራ ነበር። እንደማይነቁ ታውቅ ነበር።»

ደብዳቤውን ዘረጋችው።

«ይሄ ከፊልም ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ‹የእህትዎ ልጅ የሰጠናትን ቦታ እንደማትፈልግ በጻፉልን መሠረት፣ ለሌላ ተማሪ ሰጥተነዋል› ይላል። አልፈልግም ብለሽ ነበር?»

«ማመልከቴን እንጂ ቦታ ማግኘቴን አላውቅም ነበር» አለች ልጅቷ።

ሰብሳቢው ወለሉን እያየ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ። «እሷ ከሄደች ማን ያይልኛል ብለው ለመኑኝ።»

«ከሷ ደብቀው በርስዎ እጅ አስጻፉ። መልሱ ሲመጣ በማን ዓይን እንደሚያነቡት ግን አላሰቡም። ማን አነበበላቸው?»

«እኔ» አለች ልጅቷ። «ቃል በቃል አነበብኩላቸው። መሀል ላይ ድምፄ ተያዘ። ‹ሳትንተባተቢ አንብቢ› ብለው ቆነጠጡኝ። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና የቅዳሜው ፊልም ምንድን ነው አሉኝ። ክኒናቸውን ያን ማታ ፈጨሁት።»

«ዛሬ መቼ ሞቱ?»

«ባቡሩ ሲቆም። እጃቸው ከእጄ ላይ ወደቀ።»

«ለምን አላቆምሽም?»

«ፊልሙ አላለቀማ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «አንድም ፊልም ሳልቆነጠጥ ጨርሼ አላውቅም።»

ነርሷ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች። «እኛ እኮ የጥበብ ፍቅር መስሎን ነው…»

«ስድስት ዓመት?» አለች መርማሪዋ። ከዚያ የልጅቷን ክንድ ይዛ ወደ በሩ መራቻት። አሳዝናታለች፤ ካቴናውን ለማውጣትም እጇ ዘግይቷል።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሰብሳቢው ከኋላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። ስህተት አይቶ ዝም ማለት እንደማይችል ራሱ ተናግሮ ነበር።

«ይቅርታ… ግን ቀይ አልነበረም። ሙሽራዋ ነጭ ነው የለበሰችው።»

ልጅቷ ቆመች። ዓይኗን ጨፍና እጅጌዋን ሰበሰበችና እንደ ልማዷ ቀኝ እጇን ዘረጋች።