ዘጠኝ ሠራተኛ፣ ስምንት ቅጽ

ሽፈራው ሞቶ ሲገኝ አፉ ውስጥ አንድ ጉርሻ በርገር ነበር። አትላንታ አጠገብ ቻምብሊ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል። የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰዋል፤ የሳሙና ጀሪካኖች የሚደረደሩበት የብረት መደርደሪያ ጠርዝ ማጅራቱን መትቶት ደም ፈስሷል። ጠረጴዛው ላይ የተገመሰ በርገር ከነመጠቅለያ ወረቀቱ ተቀምጧል። ቀኑ ሰኞ ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1987፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ።

ዳኛቸውን ያስጠራው የፖሊሱ መርማሪ ሃሪስ ነው። ዳኛቸው አዲስ አበባ ሳለ አሥራ አራት ዓመት ወንጀል ምርመራ ላይ የሠራ ሰው ነው። አትላንታ ውስጥ ግን ይህን ሙያውን ከቁም ነገር የሚቆጥርለት ስላላገኘ እዚያው ሰፈር መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። ሰው ሲዋሽ መስማት ደስ ይለዋል። ሚስቱ ይህን ጠባዩን አትወድለትም።

«ሰዎችህ እርስ በርሳቸው እየተሰዳደቡ ነው» አለው ሃሪስ፤ «ማን ምን እንደሚል ግን አይገባኝም። ሴትዮዋን ልወስዳት ነው። ከመሄዷ በፊት የምትለውን በቋንቋዋ ስማልኝ።»

ሴትዮዋ ተናኘ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። ሽፈራው ዘጠኝ ሠራተኞች ይዞ የቢሮ ሕንፃዎችን የሚያጸዳ ድርጅት ነበረው። ለሠራተኞቹ የጥርስ ኢንሹራንስ ሊገዛ ሲነሣ ሁለት አማራጭ ቀረበለት። ርካሹ ማጽዳት፣ መሙላትና መንቀል ብቻ ይሸፍናል። ውዱ ለልጆች የጥርስ ማስተካከያ ብረት ግማሹን ይከፍላል፤ ግን ልጅ ካለውም ከሌለውም ሠራተኛ በየወሩ ሃያ ሁለት ዶላር ይቆረጣል። ኢንሹራንሱ ደግሞ ሁላችሁም ካልገባችሁ አንዳችሁንም አልቀበልም ብሏል። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ሲባሉ ከረሙ፤ ሰላምታ እንኳ ቀረ። ምርጫው በፖስታ የሚላክበት የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነበር።

ተናኘ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ የላይኛው ጥርሷ ወደ ፊት ወጥቶ ከንፈሯ አይገጥምም። ትምህርት ቤት ያወጡላትን ስም ልጅቱ ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። ቀትር ላይ ተናኘ እዚህ ቢሮ ገብታ ስትጮህ የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሰምቷታል። ለሃሪስ ይህ በቂ ነው፤ ሰውየውን ሲበላ ገፈተረችው፣ ወደቀ፣ ሞተ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቱ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትወርድ ግን ከእናቷ በቀር የሚቀበላት ሰው የለም።

ዳኛቸው አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ። የሽፈራውን ጣቶች አንድ በአንድ አየ። አፉን ጠጋ ብሎ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ሲያነብ ቆየ።

«አንድ ሰዓት ስጠኝ» አለው ሃሪስን።

«ለምን?»

«ይህ ሰው በርገር በልቶ እጁ አልወዛም።»

ተናኘን ያገኛት ጓዳው ውስጥ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነው። ከበሩ ውጭ የሽፈራው ሚስት መዓዛ ሁለት ፖሊሶች ይዘዋት ትጮሃለች።

«ነፍሰ ገዳይ! ባሌን በልተሽ የልጅሽን ጥርስ ልታሳምሪ! እግዜር ያሳይሽ!»

ሌላ ፖሊስ ለተናኘ ዶናት ሲሰጣት በእጇ ጀርባ ገፋችው።

«ብዪ እንጂ» አላት ዳኛቸው።

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አልቀምስም ጋሼ።»

«እሺ። ጮኸሽበታል?»

«ጮኼበታለሁ። ተነሥቶ ቢቆም አሁንም እጮህበታለሁ! የልጅሽ ጥርስ ድርጅቴን ሊበላው ነው እያለ ሁለት ወር ሲያላግጥብኝ ከረመ። ዛሬ ግን ውዱን ፈርሜልሻለሁ፣ አሁን ከፊቴ ጥፊ አለኝ። ወጣሁ።»

«አላመሰገንሽውም?»

«ምን ብዬ ነው የማመሰግነው? ሁለት ወር አስለቅሶኝ!» ከባልዲው ላይ ብድግ አለች። «ማን ያምነኛል? እኔ ከታሰርኩ ልጄን መንግሥት ይወስዳታል፤ አይደል?»

ዳኛቸው ማባበል አይችልበትም። «እንዳይወስዳት ነው የምሞክረው» ብሏት ወጣ።

ነጋሽ የዕቃ መኪናው ላይ ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሚስትም ልጅም የለውም። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«እኔን ትጠረጥራለህ እንዴ?» አለ፤ ዳኛቸው አባቱ ሊሆን የሚችል ሰው መሆኑ አላሳሰበውም።

«ሁሉንም እጠረጥራለሁ። ውዱን አልፈልግም ብለህ ስትጮህ ነበር አሉ።»

«ኦፍ ኮርስ! እኔ ሲንግል ነኝ፣ ዩ ኖው፣ ጥርሴ ፐርፌክት ነው። ለሰው ልጅ ብሬስ ከእኔ ፔይቼክ ለምን ይቆረጣል? የአለቃችን የተክሌ ልጅ እኮ ብሬሷን ድሮ አድርጋለች! በገና ቤታቸው ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ውዱ ይሁን ብሎ ከሁሉም በላይ የሚሟገተው ግን እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ለሽፈራው ይህንኑ ነገርኩት፤ ክው ብሎ ቀረ።»

«ከሽፈራው ጋር በሰላም ተለያያችሁ?»

«የምን ሰላም! የእንቁላል ሳንድዊች ይዤ ስገባ፣ በነነዌ? በእኔ ቢሮ? ውጣ! ብሎ አባረረኝ። ብርድ ላይ ቆሜ በላሁ።»

ዳኛቸው ሳቀ። ነጋሽ በምን እንደሳቀ አልገባውም፤ ሲጋራውን ጥሎ ረገጠው።

ሦስተኛው ተክሌ ነው፤ አርባ ሦስት ዓመቱ፣ የሠራተኞቹ አለቃ። ከዚህ በመኪና ግማሽ ሰዓት በሚርቀው ስማይርና ይኖራል፤ እዚያው ባለ ሕንፃ የጽዳት ሥራ ይቆጣጠራል። ያደገው ወለጋ፣ ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ ነው፤ አሁንም እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው እሱ ብቻ ነበር።

«ጠዋቱን ሙሉ ስማይርና ነበርኩ ጋሽ ዳኛቸው። ምሳዬንም እዚያው መኪናዬ ውስጥ በላሁ። ሽፈራው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲበላ ይቸኩል ነበር። ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ ከሥጋ አይለይም፤ ስንቴ አብረን በርገር በልተናል መሰለዎት።»

«ያንተ ልጅስ? ብረት ያስፈልጋታል?»

«ትዕግስት? አዎ። ግን ገና አልጀመርንም፤ ኢንሹራንሱን እየጠበቅን ነው።» ወደ ጓዳው በር ተመለከተ። «በተናኘ አይፍረዱባት። እናት ናት። የከፋት እናት የምታደርገው አይታወቅም።»

ዳኛቸው ስድብ ሰምቶ ያውቃል፤ እንደዚህ ያለ አዛኝ ስድብ ግን ሰምቶ አያውቅም። ወደ ቢሮው ተመለሰና ሃሪስን የጠረጴዛውን መሳቢያ አስከፈተው። ለኢንሹራንሱ ሊላክ የታሸገ ትልቅ ፖስታ ተገኘ። ሃሪስ ቀደደው። ላይኛው ገጽ ላይ ውዱ አማራጭ ተመርጦ የሽፈራው ፊርማ አርፎበታል። ከሥሩ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሞላው ቅጽ አለ። ዳኛቸው ቆጠራቸው፤ ደግሞ ቆጠራቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አራቱን የፊት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። መዓዛና ተናኘ በአንድ አግዳሚ አንቀመጥም ስላሉ ተናኘ ቆመች። ሃሪስ በሩን ዘጋው። ዳኛቸው አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በእንግሊዝኛ እየተናገረ ጀመረ።

«አንደኛ፣ የሟቹ ጣቶች ደረቅና ንጹሕ ናቸው። አፉ ውስጥ ያለው ጉርሻም አልታኘከም። በርገሩን የቆረሰውም ያጎረሰውም ሌላ ሰው ነው፤ ያጎረሰውም ከሞተ በኋላ ነው። ገፍትሮ የጣለው ሰው ሲያየው ሞቷል። ደነገጠ። ሲበላ ታንቆ የወደቀ አስመሰለው።»

መዓዛ ብድግ አለች። «የምን በርገር?»

«አልነገሩሽም እንዴ?»

«ገፍትራው ወደቀ ብቻ ነው ያሉኝ! ባሌ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰም! ነነዌን ሦስቱንም ቀን ሳያጎድል ነው የሚጾመው!»

ዳኛቸው ወደ ሃሪስ ዞረ። «ይህን አንተ ልታውቀው አትችልም። ጾመኛ ሰው ረቡዕና ዓርብ ሥጋ እንደማይበላ እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ነነዌ ግን በዓመት አንዴ፣ ሰኞ ገብቶ ረቡዕ የሚወጣ ጾም ነው። ከቤቱ ያልሰማው ሰው ሰኞን እንደማንኛውም ሰኞ ያያታል። ተናኘ ዛሬ ራሷ ጾመኛ ናት፤ ዶናት እንኳ አልቀመሰችም። ነጋሽን ጠዋት በእንቁላል ሳንድዊች ምክንያት አባሮታል። ሁለቱም የሽፈራውን አፍ በሥጋ አይሞሉትም። ገዳዩ ያደረገው ግን ያንኑ ነው።»

ሁሉም ወደ ተክሌ ዞሩ። ተክሌ ወደ ዳኛቸው ያያል።

«ነነዌን ስላላወቅኩ ነፍሰ ገዳይ ነኝ?» አለ።

«አይደለህም። እኔም አልጾመውም፤ ሚስቴ ትጣላኛለች። ሁለተኛውን ስማ። ፖስታው ውስጥ የሠራተኞቹ ቅጽ አለ። ሠራተኛ ዘጠኝ፣ ቅጽ ስምንት። የጎደለው ያንተ ነው። ቅጹ የልጅህ ብረት ተጀምሯል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አስቀድሞ ለተጀመረ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። አንተ ገና አልጀመርንም አልከኝ። ነጋሽ ግን በገና አፏ ውስጥ አይቶታል።»

«ኦ ማይ ጋድ» አለ ነጋሽ። «እኔ እኮ ለሽፈራው ሳላስበው ነው የነገርኩት።»

«ሽፈራው ያንተን ቅጽ ከሌሎቹ ለይቶ አወጣና ደውሎ ጠራህ። ምሳህን ይዘህ መጣህ። ስትሄድ ቅጹን ወሰድክ፤ ምሳህን ግን ትተህለት ሄድክ። በርገሩ የተጠቀለለበት ወረቀት የገዛውን ሰው ጣት አሻራ ይይዛል። አሁን ሃሪስ የሁላችንንም ይወስዳል። ካንተ እንጀምር?»

ተክሌ እጆቹን ጉልበቱ ሥር ደበቀ። ሲናገር ያ ዝቅ ያለ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«ቅጹን ፊቴ ላይ ወረወረው። ውሸትህ ቢደረስበት የሁሉም ኢንሹራንስ ይሰረዛል፣ አልልክልህም አለኝ። ለመንኩት። ሦስት ወር ከኪሴ ከፈልኩ፤ ከዚያ አቃተኝ። የጥርስ ሐኪሙ ካልከፈልክ አወልቀዋለሁ ብሏል። ልጄ መሳቅ የጀመረችው አሁን ነው! ሽፈራው ሳቀብኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«አንዴ» አለ ዳኛቸው። «ከዚያ አፉ ውስጥ ምግብ ጠቀጠቅክ። ከዚያ እሷን እናት ናት ብለህ ልታሳስርልኝ መጣህ። ይህን ሁለቱን ማንም አላስደረገህም።»

መዓዛ ተክሌ ላይ ልትዘል ስትል አንድ ፖሊስ ያዛት። ነፍሰ ገዳይ ያለቻትን ሴት ይቅርታ አልጠየቀቻትም፤ ተናኘም አልጠበቀችም። ሃሪስ የተክሌን እጆች ወደ ኋላ አጥፎ ካቴና አገባበት።

ደጃፉ ላይ ሲደርስ ተክሌ ቆመ። ፊቱ በላብ ርሷል።

«ሐሙስ ትዕግስት ብረቷን የምታስጠብቅበት ቀን ነው» አለ። «ካልተጠበቀ የተሠራው ሁሉ ይበላሻል። እናቷ መኪና አትነዳም። ማን...»

ነጋሽ ጫማውን ያያል። መዓዛ «እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዳኛቸው በዚህ ሥራ ላይ የሚጠላው ሰዓት ይኸው ነበር።

ተናኘ ቦርሳዋን አነሣች። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሊደርስ ነው። ተክሌ አጠገብ ስትደርስ ዓይኑን እያየች ቆመች።

«በስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

«በአሥር ሰዓት።»

«ስማይርና?»

«ስማይርና።»

«እወስዳታለሁ» አለችው። «አንተን ግን እስክሞት ይቅር አልልህም።»

በሩን ገፍታ ወጣች፤ ልጇን ለመቀበል በችኮላ ወደ አውቶቡሱ መውረጃ ሄደች።