የካራጎው ባለሸሚዝ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፱፻፷፬ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ በኩዊንስላንድ ምድር በካራጎ ባሕር ዳርቻ የሚከተለው ዐዋጅ ታወጀ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። የነፍስ አድን ዋናተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ክቡር ዶክተር ሊንድሴ ኩም፣ በመጪው ቅዳሜ የባሕር ዳርቻውን ጠይም ልዑል ይመርጣሉ፤ ስለዚህ ጭኑ የገረጣ፣ ከአንገቱ በታች ወተት የመሰለ ሁሉ ወደ መድረኩ እንዳይጠጋ።

በዚያ ዘመን በካራጎ ነጭ ሆኖ መወለድ ዕድል፣ ነጭ ሆኖ መቅረት ግን ስንፍና ነበር። ዘይት ረጪው ክላሪ ታንኩን አዝሎ ከፎጣ ወደ ፎጣ ይዞራል፤ በአንድ ሽልንግ ከፊትም ከኋላም ያርከፈክፋል፤ ምእመናኑም እንደ ጥብስ እየተገላበጡ ይበስላሉ።

ያለፈው ዓመት ልዑል ኔቪል ትሬዊን ነበር፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ማዕበል ሰው ሲወስድ ገመድ ታጥቆ የሚገባው እሱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጀርባው ላይ፣ እኛ ማርያም የሳመችው የምንለው ዓይነት ጥቁር ነጥብ ነበረው። ዘንድሮ ነጥቡ ጠርዙ ተዛብቶ ሰፋ፤ የገመዱ ማንገቻ በፈገፈገው ቁጥርም ይደማ ጀመር። አንሶላው ላይ ደሙን ያየችው እናቱ ወይዘሮ ኤድና ናት፤ እሷው ገፋፍታ ወደ ዶክተር ኩም ሰደደችው።

ክቡርነታቸውም ጀርባውን በዐይናቸው ገረፍ አድርገው ሳቁ። ሜላኖማ የሚባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር፣ ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ ያረጁ ሽማግሌዎች ደዌ መሆኑን አስረዱት።

«በዐሥራ ዘጠኝ ዓመትህ? ይልቅ ልጄ፣ ጀርባህን እኩል አጥቁረው፤ ቅዳሜ እኔ ነኝ የምዳኝህ።»

ኔቪል እያፏጨ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እናቱ ግን አላፏጨችም።

«ምንም አይደለም ብሏል እኮ፣ እማ። ዶክተር ነው።»

«እሱ አንድ ጊዜ አየው፤ እኔ ያንን ጀርባ ሳጥብ ነው ያሳደግሁት። አምና ምስር ያክል ነበር፤ ዛሬ ለውዝ አክሏል።»

«ቅዳሜ ውድድር አለብኝ።»

«ልዑል ሆነህ ከምትቀበር፣ ተራ ሰው ሆነህ አርጅ።»

 በማግሥቱ ከልምምድ ሲወጣ ማንገቻውን ከትከሻው አውልቆ ተመለከተው፤ ሸራው በደም ረጥቧል። ጓደኞቹ እየጠሩት ብዙ ቆሞ አየው፤ ከዚያም ማንም ሳይገፋው ለመሄድ ቆረጠ። ቅዳሜ በድምፅ ማጉያው ስሙ ሲጠራ፣ እሱ ወደ ብሪስቤን በሚጓዘው ባቡር ውስጥ ነበር።

የብሪስቤኑ ቀዶ ሐኪም ወሬ አያበዛም። የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የሚያህል ቆዳ ከጀርባው አንሥቶ፣ ቦታውን ከጭኑ በወሰደው ቆዳ ደፈነው። የምርመራው ውጤት ሲመጣም ሜላኖማ መሆኑን ነገረው።

ኔቪል «ወጣት ነኝ እኮ፤» አለ፤ ይግባኝ የሚል ይመስል።

«ወጣት ላይ ብዙ አይወጣም። ሲወጣ ደግሞ፣ ወጣት ናቸው እየተባለ ዘግይተው ይመጡልኛል። አንተ በጊዜ የደረስክ ይመስለኛል፤ ግን አልምልልህም። ከእንግዲህ ፀሐይ ላይ ልብስህን አታውልቅ።»

እናቱን ለማንም እንዳትናገር አስማላት፤ በሠፈሩም ብሪስቤን ሥራ አገኘ ተብሎ ተወራ። በፋሲካው የዋናተኞች በዓል ግን ተመልሶ ከሰልፉ ገባ። የሰልፉ ሕግ የታወቀ ነው፤ ማኅበርተኛው ሁሉ አንድ ዓይነት የዋና ልብስ ለብሶ፣ ከሰንደቁ ኋላ ጉልበቱን እኩል እያነሣ ይራመዳል፤ ዳኞቹም ዝንፍ ላለ ነጥብ ይቀንሳሉ። ኔቪል የሟች አባቱን እጀ ረጅም ሸሚዝ ለብሶ ቆመ።

«ትሬዊን፣ ሠርግ አለብህ እንዴ?» አለው ከጎኑ ያለው።

«ተወው፤ ቅስና ሊቀበል ነው፤» አለ ሌላው።

እሱ ጉልበቱን ከሁሉም ቀጥ አድርጎ እያነሣ ሰልፉን ጨረሰ። ዋንጫው ለሌላ ማኅበር ሆነ።

ካራጎ ዛሬም ያንን ዓመት የሚያስታውሰው በአንድ ሸሚዝ ምክንያት በታጣው ዋንጫ ነው። በዚያ ዘመን «የወጣት በሽታ አይደለም» ተብለው ተሸኝተው፣ ሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት ሳይሞላቸው በየባሕሩ ዳርቻ ያለፉትን ልጆች ግን ታሪክ አላስታወሳቸውም፤ እነሱ ዋንጫ አላሳጡም።

ያን ዕለት ሊቀ መንበሩ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ከኔቪል ፊት ቆሙ።

«ማኅበሩ ማብራሪያ ይገባዋል። ምን ብለህ ነው ይህን የለበስከው?»

አንዲት ቃል ትበቃው ነበር፤ ያችን ቃል ከተነፈሰ ግን ከነገ ጀምሮ በሽተኛው ትሬዊን ይሆናል፤ ገመዱንም ለሌላ ያስታጥቁታል። በዋና ልብሱ የተሸፈነው የጭኑ ጠባሳ እያሳከከው፣ ሊቀ መንበሩን ቀጥ ብሎ አያቸው።

«ለበስኩ፤» አለ። «ነገም እለብሳለሁ። ከዚህ ሌላ የምነግርዎ የለም።»