ሃኖይ በገባችበት ጠዋት

አባባ ሊየም የተገኙት ከደረጃው ግርጌ ነው። የጠባቧ ማረፊያ ቤት ባለቤት፣ የሰባ አራት ዓመቱ ሽማግሌ፣ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ቀኝ እግራቸው በአንድ ትልቅ ሰማያዊ የመንገደኛ ሻንጣ ማንገቻ ውስጥ ገብቷል። ሻምበል ታክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሲደርስ የመንገዳችን ግማሽ ሕዝብ በራቸው ላይ ተኮልኩሏል። እኛ ሰፈር ፖሊስ የሚደርሰው ሁልጊዜ ከሾርባ ሻጯ በኋላ ነው።

ሻምበል ታክ አጭር፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ የሱፍ ፍሬ ከኪሱ የማይጠፋ ሰው ነው። ሲያዩት እንቅልፋም ይመስላል። በዚህ የተሸወዱ ብዙ ሰዎች ዛሬ እስር ቤት ናቸው።

«አንገታቸው ተሰብሯል» አለው ሐኪሙ። «ሰዓቱን ግን አትጠይቀኝ፤ በዚህ ሙቀት አልምልልህም።»

ሻምበሉ ተንበርክኮ አየ። የሟቹ ሸሚዝ ንጹሕ ነው፤ እስከ አንገት ተቆልፏል። ሽበታቸው ወደ ኋላ ተበጥሯል፤ አንዲት ጸጉር ከቦታዋ አልተናጋችም። በቀኝ እጃቸው ጥፍሮች ሥር ደም ደርቋል። ሻምበሉ አንዲት የሱፍ ፍሬ ሰበረ።

ጥግ ላይ፣ ዝቅ ባለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ስሟ ዳኑታ ነው፤ ከፖላንድ የመጣች የሙዚቃ አስተማሪ። ሻንጣው የእሷ ነው። ሻምበል ታክ በወጣትነቱ ዋርሶ ሦስት ዓመት ተምሯልና በዛገ ፖላንድኛው አናገራት።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለችው፤ ቋንቋዋን መስማቷ እንኳ አላስገረማትም። «ሻንጣዬ ጠልፎ ጣላቸው አሉኝ። የሰው አባት ገደልኩ።»

«ሻንጣውን እዚያ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት?»

«ልጃቸው ከጀርባዬ ተቀብሎኝ አስቀመጠው። ግን የኔ ነው። የኔ ሻንጣ ነው።»

ፓስፖርቷን ቀበሌ ወስዶታል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ይሆናል እየተባለ ነው። እሷ ግን እስሩን የፈራች አትመስልም፤ ዓይኗን ከተሸፈነው ሬሳ ላይ መንቀል አቅቷት ነበር።

ሻምበሉ መጀመሪያ የሟቹን ብቸኛ ልጅ ቶአንን ጠራው። አርባ ዓመት የሞላው፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። ሁላችንም በካናቴራ ላብ በላብ ሆነን ሳለ እሱ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ እስከ አንጓው ቆልፎታል።

«ሴትየዋ መቼ መጣች?»

«አስራ ሁለት ተኩል ላይ። ክፍሏ ስላልተዘጋጀ ወጥታ ዞር ዞር ስትል ቆየች። ሻንጣሽን መንገድ ላይ አትተዪ ብያት ነበር። ፈረንጅ ምን ይሰማል? አባዬ ሦስት ሰዓት ላይ ሲወርድ...» ድምፁ ተቆረጠ። ልቅሶው የእውነት ነበር፤ ሻምበሉን ያስቸገረውም ይኸው ነው።

ሻምበሉ ደረጃውን ወጣ። ከደረጃው ራስ ላይ ያለው ክፍል የቤቱ የአያቶች መታሰቢያ ነው፤ የድሮ ፎቶዎች፣ ፍራፍሬ፣ የደረቀ አበባ። የግድግዳው አንድ ጎን በመዶሻ ተፈርክሷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እድሳት ነው» አለ ቶአን። «መታሰቢያውን ወደ ላይኛው ፎቅ ልንወስደው ነው። እዚህ ሦስት አልጋ ይገባል።»

«አባትህስ?»

«እሺ ብሏል።»

ከደረጃው ሥር አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳቅ አይመስልም። የሟቹ ታናሽ ወንድም ጋሽ ካንግ ናቸው።

«ሊየም? የአባቱን ፎቶ ከቦታው ሊያነሳ? ባለፈው ሳምንት ‹ሬሳዬን አልፋችሁ ነው› ብሎሃል እኮ፣ አንተ ልጅ! እኔ ፊት!»

ቶአን አንገቱን ደፋ። ሻምበሉ ሽማግሌውን ወደ ውጭ ወስዶ ሻይ አዘዘላቸው።

«አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ» አሉ ጋሽ ካንግ፣ ብርጭቆውን ሳይነኩ፣ «ዝናብ ሆነ አውሎ ነፋስ፣ ንጋት አስራ አንድ ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ቼዝ እንጫወታለን። ዛሬ ቀረ። እዚህ መጣሁ። ቶአን በሩን ገርበብ አድርጎ ‹ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው› አለኝ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«አስራ ሁለት። ትናንት ስላሸነፍኩት የሸሸኝ መሰለኝ። ከመንገድ ላይ ሆኜ ‹ፈሪ! ውረድ!› ብዬ ጮህኩበት። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ለወንድሜ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው፣ ሻምበል።»

እማማ ሃው፣ የሟቹ ባለቤት፣ ማድቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ነው የተገኙት። እጃቸው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። «በሦስት ሰዓት ድው ሲል ሰማሁ። ስወጣ ወድቋል» አሉ። ሻምበሉ በሌላ መንገድ ቢጠይቃቸው ያንኑ ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ደገሙት። ሦስተኛ ሲጠይቃቸውም እንዲያው። የተጠና ነገር እንዲህ ነው፤ የተጨነቀ ሰው ይዘባርቃል እንጂ አይደግምም።

ነገሩ ይሸታል፤ ሽታ ግን ማስረጃ አይሆንም። እናትና ልጅ አንድ ቃል ከያዙ፣ ሐኪሙም ስለ ሰዓቱ ካልማለ፣ ሬሳው የሚጫነው በዚያች ፈረንጅ ትከሻ ላይ ነው። ሻምበሉ ወደ ዳኑታ ተመለሰ።

«ከገቡ ጀምሮ ያዩትን ሁሉ ይንገሩኝ።»

«ጽፌዋለሁ» አለችና ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። «ከባለቤቴ ከያኔክ ጋር ልንመጣ ነበር። አስር ዓመት አቀድን። ባለፈው ክረምት ሞተብኝ። እና ያየሁትን ለሱ እጽፍለታለሁ። ሞኝነት ነው።»

ሻምበሉ ሚስቱን ከቀበረ አራት ዓመቱ ነው። ሞኝነት ነው አላላትም። እዚያው ቆሞ ማንበብ ጀመረ።

«ያኔክ፣ ደረስኩ። እዚህ ሞተር ሳይክል እንደ ወንዝ ይፈሳል። አንድ መንገድ ለመሻገር ሩብ ሰዓት ቆምኩ። በመጨረሻ አንዲት ሎሚ ሻጭ ክንዴን ይዛ፣ ሳትሮጥም ሳትቆምም፣ ቀስ ብላ አሻገረችኝ፤ ሁሉም በግራና በቀኝ ሸሽቶን አለፈ። ሁሉም ጡሩምባ ይነፋል፣ ግን የተቆጣ ሰው አላየሁም። ፍሪጅ የጫነ ሞተር አየሁ፤ ሙሉ ፍሪጅ! አንተ ብትኖር ትቆጥራቸው ነበር። ብቻዬን መቁጠር ደከመኝ።

»ቅድም ማረፊያው ቤት እንደገባሁ መታጠቢያ ስፈልግ የተሳሳተ በር ከፈትኩ። አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል፤ የታየኝ እግራቸው ብቻ ነው። ባለቤታቸው ትራሳቸው ጋ ቁርስ እያስቀመጡላቸው ነበር። አንድ ሳህን ሙሉ ሩዝ፣ ላዩ ላይ የተላጠ እንቁላል፣ ሁለቱ መብያ እንጨቶች ሩዙ ላይ ቀጥ ብለው ተተክለው። ሴትየዋ ቀና ብለው አዩኝና በሩን ዘጉት። በዚህ ዕድሜያቸው አልጋው ድረስ ቁርስ ያቀርቡላቸዋል፣ ያኔክ። ቀናሁባቸው።»

ሻምበል ታክ በጥርሱ የያዛትን የሱፍ ፍሬ ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሁሉንም ወደ መታሰቢያው ክፍል ጠራ።

አራቱም ተሰበሰቡ፤ እማማ ሃው ወለሉ ላይ፣ ቶአን መስኮቱ ሥር፣ ጋሽ ካንግና ዳኑታ በሩ ጋ።

«ሻንጣውን እዚያ ያስቀመጠው ቶአን ነው እንጂ እሷ አይደለችም» ብሎ ጀመረ ሻምበሉ። «ይሄ አንድ። በሦስት ሰዓት ሙሉ ጤነኛ ሆነው የወረዱ ሰው፣ በአስራ ሁለት ሰዓት ለወንድማቸው ያልተነሱት ለምንድን ነው? ይሄ ሁለት። ደግሞ ከደረጃ የተንከባለለ ሰው ጸጉሩ ይንጨባረራል፤ የአባባ ሊየምን ግን አንድ ሰው በፍቅር አበጥሮታል።»

«ጸጉር ነው ማስረጃህ?» አለ ቶአን።

«አይደለም። ይሄ ነው።» ደብተሩን ገልጦ በቋንቋችን እየመለሰ አነበበ፤ ትራሱን፣ ሳህኑን፣ እንቁላሉን። የተተከሉት እንጨቶች ጋ ሲደርስ ጋሽ ካንግ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ምን ተፈጠረ? ምን ጻፍኩ?» አለች ዳኑታ ግራ ገብቷት።

ሻምበሉ ወደ እሷ ዞረ። «እኛ ዘንድ እንጨት ሩዝ ላይ አይተከልም። ሕፃን እንኳ ቢተክል እጁን ይመታል። እንቁላል ያለበትና እንጨት የቆመበት ሩዝ ለአንድ ሰው ብቻ ይቀርባል፤ ገና ለሞተ ሰው፣ ትራሱ ጋ፣ ለመንገዱ። እመቤት ዳኑታ፣ እርስዎ በሩን ሲከፍቱ አባባ ሊየም ቀድሞ ሞተው ነበር። እርስዎ የገደሉት ሰው የለም።»

ዳኑታ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ነጻ መሆኗን የሰማችው ኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሰማችው የቀናችበት ቁርስ ምን እንደነበር ነው።

«እኔ ነኝ!» አሉ እማማ ሃው በድንገት። «እኔ ነኝ የገፋሁት! እኔን ውሰደኝ!»

«እማማ፣ ባልዎ ሲወድቁ የአንድ ሰው ክንድ ቧጭረዋል፤ ጥፍራቸው ሥር ደም አለ። የእርስዎን ክንድ ሁላችንም እያየነው ነው። ቶአን፣ በዚህ ሙቀት ምን ልሁን ብለህ ነው? እጅጌህን ሰብስበው።»

ቶአን አልሰበሰበም። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ወረደ።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው» አለ። «እሱ ሳይነሳ ግድግዳውን አፍርሼ ልጨርስ ብዬ ነበር። በመዶሻው ድምፅ ተነሳ። እጄን ያዘኝ። ልቀቀኝ አልኩት፣ አልለቅም አለ። መነጨቅኩ። ደረጃው ጫፍ ላይ መሆኑን አላየሁም... እማዬ አጠበችው። ከዚያ ይህቺ ሴት መጣች፣ ሻንጣዋን ሳይ...»

«ሳታውቅ መነጨቅክ፤ ሕግ ይሰማሃል» አለ ሻምበሉ። «ሻንጣውን እግራቸው ላይ ስታጠልቅ ግን ታውቅ ነበር።»

የራሱን ማስታወሻ ደብተር ዘጋ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል፤ ለመዝገቡ ያህል ጠየቀ።

«እማማ፣ ሬሳውን ወደ ደረጃው ስትመልሱት ሩዙን የት አደረሱት?»

እማማ ሃው ቀና አላሉም። «ቶአን ጣይው አለኝ። የሱን ሩዝ እንዴት ቆሻሻ ላይ እጥላለሁ? በላሁት። እንቁላሉንም በላሁት። እያለቀስኩ፣ እስከ መጨረሻው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ ብዬ፣ ሃምሳ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰውዬ በባዶ ሆዱ ሰደድኩት።»

ቶአን ይህን አያውቅም ነበር። ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ የትልቅ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ካንግ ማንንም ሳያዩ ወደ ማድቤት ወረዱ፤ ሩዝ ሲታጠብ ተሰማ። ሻምበል ታክ ካቴናውን ወደ ኪሱ መልሶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ቆይተው ጋሽ ካንግ አንድ ሳህን ሩዝና ያልተላጠ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው ወጡ።

ቶአን በጉልበቱ እየተጎተተ ወደ እናቱ ቀረበ። «እንቁላሉን እኔ ልላጥለት» አለ።

እማማ ሃው እጆቹን አዩ።

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አሉት።