የቬሮኒያ ጀልባ ለምን ቆመች?

ይህ ነገር ሲሆን ኢሪኒ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቤቷ ላይኛው ግብፅ፣ መላዊ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። አባቷ መድኃኒት ቤት አለው፤ እናቷ ልብስ ትሰፋለች። ልጆች፣ ኢሪኒ ክፉ ልጅ አልነበረችም። ፈሪ ልጅ ነበረች። ፍርሃት ጥሩ ልጅን ምን ሊያሠራት እንደሚችል ዛሬ እነግራችኋለሁ። እስቲ ቀረብ በሉ።

የሒሳብ አስተማሪዋ ሚስ ናጅዋ ትባላለች። ያን ዓመት ክፍሉ ውስጥ አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ። በጣት ሲነኩት ይበራል፤ ሥዕል ያወጣል፤ ድምፅ ያሰማል። ለእያንዳንዱ ተማሪም አራት ቁልፍ ያላት ትንሽ ሪሞት ተሰጠች፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሚስ ናጅዋ ሰሌዳው ላይ የአባይን ወንዝ ሥላ፣ በእያንዳንዱ ልጅ ስም አንድ ጀልባ አስቀመጠች። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ልጆቹ ቁልፍ ይጫናሉ። መልሱ ትክክል ከሆነ ጀልባዋ ወደ አስዋን ከተማ ትጓዛለች። ከተሳሳተ ደግሞ ቀይ ትሆናለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ሰሌዳውም "ጧ!" ይላል።

ልጆቹ አበዱ! ድሮ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያንቀላፉ የነበሩት ሁሉ ነቁ። ከኋላ ተቀምጦ ሱፍ የሚቆረጥመው አባኑብ እንኳ ሱፉን ኪሱ ከትቶ "ሚስ፣ አንድ ጥያቄ ጨምሪልን!" ማለት ጀመረ።

ኢሪኒ ግን አልተደሰተችም። ክፍልፋይ አይገባትም ነበር። በግምት አንዱን ቁልፍ ትጫናለች። ከዚያ "ጧ!" ቀይ። ስሟ ደግሞ በትልቁ ተጽፏል።

"የኢሪኒ ጀልባ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች!" አለ አባኑብ። "ገመድ አምጡ፣ እንጎትታት!"

ክፍሉ ሳቀ። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ቬሮኒያ ብቻ አልሳቀችም። የቬሮኒያ ጀልባ ሁልጊዜ ከፊት ነበረች።

"አትስሚያቸው፤ ከፈለግሽ ከትምህርት በኋላ አሳይሻለሁ" አለቻት ቬሮኒያ በሹክሹክታ።

"አልፈልግም። ገብቶኛል" አለች ኢሪኒ። አልገባትም ነበር እኮ! ግን አፈረች።

በዚያው ሳምንት ሚስ ናጅዋ "ሐሙስ ወላጆቻችሁ መጥተው ጀልባዎቻችሁን ያያሉ" ብላ ተናገረች። ኢሪኒ አባቷን አሰበች። አባቷ አይመታትም፤ አይቆጣትም። ሲያዝን ግን ዝም ይላል። ኢሪኒ ከዚያ ዝምታ የበለጠ የምትፈራው ነገር አልነበረም።

ረቡዕ ዕለት ሪሞቶቹን ሰብስባ ሳጥን ውስጥ የመክተት ተራ የእሷ ነበር። ልጆቹ ወጡ። ክፍሉ ባዶ ሆነ። በእያንዳንዷ ሪሞት ጀርባ ቁጥር ተለጥፏል፤ ልጆቹ የራሳቸውን የሚያውቁት በቁጥሯ ነው። ሰሌዳው ግን የሚያውቀው ሪሞቷን እንጂ ቁጥሯን አልነበረም። ኢሪኒ ይህን ታውቃለች። የራሷንና የቬሮኒያን ሪሞት ጎን ለጎን አስቀመጠች። በሩን አየች። ማንም የለም። በጥፍሯ ሁለቱን ቁጥሮች ላጠቻቸው፤ አቀያይራም ለጠፈቻቸው።

ገባችሁ ልጆች? ከዚያ በኋላ ቬሮኒያ ስትመልስ የምትሄደው የኢሪኒ ጀልባ ናት። ኢሪኒ ስትሳሳት ደግሞ ቀይ የምትሆነው የቬሮኒያ ጀልባ ናት።

ሐሙስ ወላጆች መጡ። የኢሪኒ ጀልባ ሮጠች። አባቷ ከኋላ ቆሞ ከት ብሎ ሳቀ፤ መጥቶም ግንባሯን ሳማት። "ጎበዝ የኔ ልጅ! ለካ ደብቀሽኝ ነው!" አላት። ኢሪኒ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከንፈሯ እምቢ አላት። ከወዲያ በኩል የቬሮኒያ እናት፣ ሁሉም 'ታንት' (አክስት) ሱሳን የሚሏት፣ ቀይ የሆነችውን ጀልባ እያየች ቆማለች።

ቬሮኒያ ሪሞቷን ደጋግማ ታያታለች። "'ለ'ን ነው እኮ የተጫንኩት" ትላለች ለራሷ። "'ለ'ን ነው የተጫንኩት።"

በማግስቱ ዓርብ ቅዳሴ ነበር። ልጆች ሁሉ ለቁርባን ተሰለፉ። ኢሪኒ ከዓምዱ ጀርባ ቀረች። "ምን ሆነሻል?" አለቻት እናቷ። "ሆዴን አሞኛል" አለች። ካህኑ ዞር ባሉ ቁጥር እሷን የሚያዩ ይመስላት ነበር። ውሸት ብቻዋን አትኖርም፤ ይኸው ሌላ ውሸት ወለደች።

በግብፅ የትምህርት ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነውና፣ እሑድ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ። የቬሮኒያ ጀልባ አሁንም "ጧ!" አለች፤ ደግማም "ጧ!" ሚስ ናጅዋ "ቬሮኒያ፣ ደክሞሻል እንዴ?" አለቻት። ቬሮኒያ ሪሞቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ አልነካቻትም።

በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ቬሮኒያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ኢሪኒ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።"

"ምን... ምን ነገር?"

"አንዱን አስቤ ሌላውን እየተጫንኩ ነው። ወይም ዓይኔ ሌላ ነገር እያሳየኝ ነው። አጎቴም እንዲህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ ነገር ይሳሳት ነበር። በኋላ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ አገኙ።" ቬሮኒያ ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። "አጎቴ ሞተ እኮ።"

 ኢሪኒን ልቧ ንገሪያት አላት። ንገሪያት፣ አሁን! እሷ ግን መራመዷን ቀጠለች።

ባቡር ማቋረጫው ጋ ደረሱ። ቬሮኒያ የኢሪኒን እጅጌ ያዘች። "መንገዱ ነፃ ነው? አንቺ ንገሪኝ። ዓይኔን አላምነውም።"

"ነፃ ነው፤ ነይ" አለች ኢሪኒ። ቀድማት ተሻገረች። ዞር ስትል ግን ቬሮኒያ ሐዲዱ መሀል ቆማለች! ደወሉ መደወል ጀምሯል። መከልከያው እየወረደ ነው። ጠባቂው ከጎጆው ወጥቶ "አንቺ ልጅ! ውጪ! ውጪ ከዚያ!" እያለ ይጮኻል። ቬሮኒያ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት ጆሮዋን ይዛ ቆማለች።

ኢሪኒ ተመልሳ ሮጠች። በቦርሳዋ ማንገቻ ያዘቻት፤ ባለ በሌለ ኃይሏ ጎተተቻት። ሁለቱም ጠጠሩ ላይ ወደቁ። ባቡሩ እያጓራ አለፈ፤ ነፋሱ ፀጉራቸውን በተነው።

"ደወሉን አልሰማሽውም?" ብላ ጮኸች ኢሪኒ።

"ሰምቼዋለሁ" አለች ቬሮኒያ እየተንቀጠቀጠች። "ግን እውነተኛ ደወል ይሁን ወይስ ጭንቅላቴ፣ እሱን አላወቅኩም።"

በማግስቱ የቬሮኒያ ወንበር ባዶ ነበር።

"ትናንት ባቡር ማቋረጫው ላይ የሆነውን ሰምታ እናቷ አስዩት ከተማ ሆስፒታል ወስዳታለች። ጭንቅላቷን በማሽን ሊያዩላት ነው። ጸልዩላት" አለች ሚስ ናጅዋ። ከዚያ ሳጥኑን ከፍታ ሪሞት ማደል ጀመረች። ኢሪኒ ጋ ስትደርስ ኢሪኒ አልተቀበለቻትም። ተነሥታ ቆመች። 

"ሚስ፣ ቬሮኒያ አልታመመችም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የቀየርኳቸው። የእሷ ጀልባ የኔ ናት። የኔ ደግሞ የእሷ።" ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

  ሚስ ናጅዋ ሁለቱን ሪሞቶች ገልብጣ የተላጡትን ቁጥሮች አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"ታንት ሱሳን? የት ደረሳችሁ?"

የሴትየዋ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። "የሆስፒታል ልብስ አልብሰዋታል። አሁን ወደ ማሽኑ ሊያስገቧት ነው። እያለቀሰች ነው ሚስ፤ 'እንደ አጎቴ ልሞት ነው' ትላለች።"

ሚስ ናጅዋ ስልኩን ለኢሪኒ ሰጠቻት። "ይህን የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።"

ልጆች፣ ያ ስልክ ለኢሪኒ ከድንጋይ ይከብድ ነበር። ቢሆንም ያዘችው።

"ቬሮኒያ፣ እኔ ነኝ። ጭንቅላትሽ ደኅና ነው። ቁጥሮቻችንን ለዋውጬ ነው። አንቺ ሁልጊዜ ልክ ነበርሽ።"

ከስልኩ ትንሽ ድምፅ መጣ። "አልታመምኩም?"

"አልታመምሽም።"

"ዓይኔም ደኅና ነው?"

"ዓይንሽም ደኅና ነው። ይቅር በይኝ፣ በእግዚአብሔር..."

ቬሮኒያ እየተንሰቀሰቀች ስልኩን ዘጋችው።

ከሰዓት ኢሪኒ መድኃኒት ቤት ሄዳ ለአባቷ ሁሉንም ነገረችው። አባቷ ዝም አለ። ያ የምትፈራው ዝምታ መጣ፤ ረጅምም ነበር። ግን አልገደላትም። በመጨረሻ "ነገ አብረን ቤታቸው እንሄዳለን" አላት። ሄዱም። ታንት ሱሳን በሩን ከፍታ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ነው "ግቡ" ያለችው። ቬሮኒያ ከክፍሏ አልወጣችም።

ሚስ ናጅዋም ኢሪኒን ለብቻዋ አስቀምጣ አነጋገረቻት። "ቀዩን ቀለም ያንቺ ነውር አድርገሽ ነው ያየሽው። ለኔ ግን 'ናጅዋ፣ ይህን ደግመሽ አስረጂ' የሚል ምልክት ነው። ምልክቱን ስትደብቂብኝ እንዴት ልርዳሽ?" ከዚያ ትንሽ አሰበችና "እኔም ስማችሁን በትልቁ ጽፌ ማሳቄ ልክ አልነበረም" አለች። በማግስቱ ስሞቹ ከጀልባዎቹ ላይ ተነሡ፤ "ጧ!" የሚለውም ድምፅ ጠፋ።

ቬሮኒያ ተመልሳ ስትመጣ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኢሪኒን ሰላም አላለቻትም። ኢሪኒም አልተቆጣችም፤ ጠበቀች። ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ሐዲዱን ስትሻገር ታለቅስ ነበር።

አንድ ቀን ሚስ ናጅዋ "ከአንድ አራተኛና ከአንድ ስምንተኛ የትኛው ይበልጣል?" ብላ ጠየቀች። ሰሌዳው ላይ ግማሹ ክፍል ተሳስቶ ታየ። "'አንድ ስምንተኛ' ያለ ልጅ ለምን እንዳለ ሊነግረኝ ይፈልጋል?"

 ኢሪኒ እጇን አወጣች። "እኔ ነኝ ሚስ። ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ መስሎኝ ነው።"

አንድ ሰው ሳቀ። አባኑብ ግን ዞር ብሎ "ምን ያስቅሃል? እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት" አለ። "እኔም" አለች ሌላዋ።

ሚስ ናጅዋ ሰሌዳው ላይ ክብ ዳቦ ሣለችና ኢሪኒን ጠራቻት። "በጣትሽ ቁረጪው።" ኢሪኒ ዳቦውን ለአራት ቆረጠች፤ አጠገቡ ያለውን ደግሞ ለስምንት። ቁራሾቹ ሲያንሱ በዓይኗ አየች። "ውይ! ለካ ብዙ ሰው ሲካፈለው ድርሻው ያንሳል!" አለች ጮክ ብላ። ገባት!

በዕረፍት ሰዓት ግድግዳው ጥግ ተቀምጣ ምሳዋን፣ በዳቦ የተያዘ የባቄላ ጥብስ፣ ስትፈታ ጥላ አረፈባት። ቬሮኒያ ናት።

"የታዕሚያ ሳንድዊች ነው?"

"አዎ" አለች ኢሪኒ፤ ቀና ብላ ለማየት ፈርታ።

"እንግዲያው አካፍይኝ።" ቬሮኒያ አጠገቧ ተቀመጠች። "ግማሹን ነው ታዲያ! አንድ ስምንተኛ ሰጥተሽ እንዳትሸውጂኝ።"

ልጆቼ፣ አለማወቅ ኃጢአት አይደለም፤ አለማወቃችንን ለመደበቅ ብለን ሌላውን መጉዳት ግን ኃጢአት ነውና፣ ስትፈሩ አትደብቁ፣ እውነቱን ተናገሩ።