ካሜራው ያላየው ፊት

የሌንሱ ሊቅ ሞተው የተገኙት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አነባብረው፣ ግንባራቸውን በላዩ አስደግፈው፣ ምሳ ከብዷቸው ሸለብ ያደረጋቸው ይመስሉ ነበር። ቦታው ጨለማ ክፍል ይባላል። ስልክና ኮምፒውተር እየሠራ ዓለምን ያዳረሰው ትልቅ ኩባንያ የካሜራ ዓይን የሚፈትንበት፣ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ጥቁር የተቀባ፣ ብርሃን ሾልኮ እንዳይገባ በድርብ በር የሚዘጋ ጠባብ ክፍል ነው። መብራቱ ከጠፋ ሰው የገዛ እጁን አያይም።

መርማሪው ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም ደረሰ። ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል፤ የነገሩትን ሁሉ ዝም ብሎ ያሳልፍና የማታልፈዋን አንዲት ነገር ይይዛል። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ቀርቶታል።

የፎቁ ጥበቃ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው፣ ከውጪው በር ወዲያ ንቅንቅ አላለም።

«አትገባም?» አለው መርማሪው።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ሬሳ ፈርቼ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ፈርተህ ነው?»

ጥበቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴትዮዋን። የእሳቸውን ባለቤት። ከሞቱ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዛሬ እዚህ ገብተው ነበር፤ ካሜራው አንስቷቸዋል።»

መርማሪው አልሳቀም። ሰው ሲፈራ ከሚናገረው ውስጥ ብዙ ጊዜ ግማሹ እውነት ነው።

ውስጥ የሟቹ ልጅ ቆማለች። እዚያው ኩባንያ ውስጥ የካሜራ ሶፍትዌር ትሠራለች። አባቷን ያገኘቻቸውም እሷው ናት። ዓይኗ ደርቋል።

«ካሜራው በየደቂቃው አንድ ፎቶ ያነሳ ነበር» አለችው። «ድፍን ጨለማ ውስጥ ምን ያህል እንደሚደናገር ለመለካት ነው። ሁሉም ጥቁር ነው። ከአንዷ በቀር።»

ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፤ ከዚያ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ አንዲት ሴት። ከበሩ አጠገብ ጎንበስ ብላለች። ጉንጯ ላይ አረንጓዴ ብርሃን አርፏል። ፊቷ ጥርት ያለ ነው፤ ዓይኗ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ያያል፤ ፈገግ ልትል ያሰበችም ይመስላል። ቀጥሎ ያለው እንደገና ጥቁር ነው።

«እናቴ ናት» አለች ልጅቱ። «በዚህ እጄ አፈር አልብሻታለሁ።»

መርማሪው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ሲያይ ኖሯል። የሞተ ሰው እሱን ሲያየው ግን የመጀመሪያው ነበር። ወዲያው እጅ ወደሚዳስሰው ነገር ዞረ።

ከበሩ ሥር፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ግድግዳው ላይ ተሰክታለች። ገመዷ ተነቅሏል። አጠገቧ ደግሞ ረጅም ሲሊንደር ቆሟል።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«አየር ሲያንስ የምትጮህ ደወል ናት። በደህና ጊዜ፣ ካላጎነበሱባት የማትታይ አረንጓዴ ነጥብ ታበራለች። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ነው፤ የካሜራውን ዓይን እናቀዘቅዝበታለን። ሽታም ቀለምም የለውም። ተከፍቶ ከተተወ አየሩን እያባረረ ክፍሉን ይሞላዋል። ሰው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል እንጂ መታፈኑን አያውቅም።»

«ክፍት ነበር?»

«እስከ ጥጉ። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«አባትሽ ረስተውት ይሆን?»

«አባዬ የቤቱን በር ሦስቴ ሳይገፋ መንገድ የማይጀምር ሰው ነበር። ደወሉን ነቅሎ ሊቀመጥ?» ራሷን ነቀነቀች። «ማቀዝቀዣው ጆሮ ያደነቁራል። ሰው ገብቶ ቢወጣ አይሰማም፤ በጨለማው አያይም።»

የበሩን ቁጥር የሚያውቁ አራት ሰዎች ናቸው፦ ሟቹ፣ ልጃቸው፣ ገበያ አጥኚውና የስልክ ክፍሉ ኃላፊ። አራቱም በማግስቱ አንድ ጉባኤ ነበራቸው። ኩባንያው ወደ ዲጂታል ካሜራ ገበያ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው እዚያ ሊወሰን ነው። ሽማግሌው «እንግባ» ባይ ነበሩ፤ ገበያ አጥኚውና ኃላፊዋ «አንግባ» ባዮች።

ገበያ አጥኚው በወረቀት ክምር መሀል ተቀምጦ ነበር። ላቡን የሚጠርግበትን መሐረብ ከግንባሩ አያነሳም።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ። «ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይዞ እየዞረ ሌላ አንገቱ ላይ ለምን ያንጠለጥላል? ገበያው እየሞተ ነው።» የተናገረው ለራሱ ተሰማውና አቀረቀረ። «ይቅርታ። ዛሬ ጠዋት እንዲህ ብዬ ስሟገታቸው ምን አሉኝ መሰለዎ? ‹ነገ የማመጣው ክርክር ያንተ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም› አሉኝ።»

«ምን ማለታቸው ነው?»

«አልነገሩኝም። የስልክ ኃላፊዋ ግን ያወቁ ይመስለኛል። አጠገባችን ነበሩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።»

የስልክ ክፍሉ ኃላፊ በሩን ራሷ ከፈተችለት። መርማሪው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ፎቶው ላይ ያያት ሴት፣ ጥቂት ዓመት ጨምራ፣ ፊት ለፊቱ ቆማለች።

«ደነገጡ» አለች። «ፎቶውን ያየ ሁሉ ይደነግጣል። ሟቿ ታላቅ እኅቴ ናት። ከአንድ እንጀራ ተቆርሰን የወጣን ነው የሚሉን።»

«ሟቹ እንግዲህ የእኅትዎ ባል ናቸው።»

«አዎ። ጋሼ ነበር የምላቸው።»

«ዛሬ ጨለማ ክፍል ገብተዋል?»

«እኅቴ ከሞተች ወዲህ እሳቸው ባሉበት አልደርስም። ልጅቱም ዓይንሽን ለአፈር ብላኛለች። በሥራ እንገናኛለን፣ እሱም በወረቀት።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«እኅቴ ስታጣጥር የመጀመሪያው ስልካችን ለገበያ የሚወጣበት ቀን ነበር። ‹ድረሽ› ተባልኩ። ነገ እደርሳለሁ አልኩ።»

መርማሪው ወደ ልጅቱ ተመለሰ። የሟቹ ቢሮ ውስጥ የአባቷን መነጽር በጨርቅ ስትወለውል አገኛት።

«አንድ ነገር ደብቀሽኛል» አላት። «አባትሽ ‹ካሜራ የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው› ይሉ እንደነበር ሁሉም ነግሮኛል። ነጥብ በምታህል ብርሃን እንዲህ ጥርት ያለ ፊት ከየት መጣ?»

መነጽሩን አስቀመጠችው።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለች። «ጠዋት፣ እሱ ሳያውቅ፣ የስልኩን ሶፍትዌር ካሜራው ላይ ጫንኩት። ስልኮቻችን ፊት ሲደበዝዝባቸው በባለቤቱ አልበም ውስጥ ካሉት ሰዎች ለዚያ ፊት የሚቀርበውን ይፈልጉና ይሞሉታል። ሰው ፎቶው ጠራ ብሎ ይደሰታል። የእኔን አልበም ነው የጫንኩበት። የአባዬ ሌንስና የእነሱ ሶፍትዌር አንድ ላይ ሲሠሩ አይቶ ልቡ ይራራል ብዬ ነበር። ሁለቱ ክፍሎች ቢታረቁ፣ ምናልባት ቤታችንም…» አልጨረሰችውም።

«ሶፍትዌሩ ሳይነካው በፊት የነበረው ምስል አለ?»

«አይቀመጥም። የተሞላው ብቻ ነው የሚቀረው።»

«አልበምሽ ውስጥ አክስትሽ አለች?»

«አንድም ፎቶ የለኝም። ከቀብር በተመለስኩ ዕለት ሁሉንም አጥፍቻለሁ።»

መርማሪው ራሱን ነቀነቀ። ከመሳቢያው ውስጥ ሟቹ በእጃቸው የጻፉትን ለጉባኤው የሚነበብ ወረቀት አውጥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። እንዲህ ይል ነበር፦

«ካሜራ እንሥራ የምለው ብዙ ይሸጣል ብዬ አይደለም። አይሸጥም። ግን ያላየውን አላየሁም የሚል አንድ ዓይን ያስፈልጋል። ከሦስት ዓመት በፊት ሲመሻሽ አንድ መጋዘን ተቃጠለ፤ ዘበኛው ሞተ። ሲሸሽ የታየን ሰው አንድ አላፊ አግዳሚ በእኛ ስልክ አነሳ፤ ፎቶው ላይ ግን የወጣው የአንሺው ጎረቤት፣ አልበሙ ውስጥ የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር ፊት ነው። ሾፌሩ ዐሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ያንን ፊት የሞላው ስልካችን ነው። ለክፍሉ ኃላፊ ሁለት ጊዜ ጽፌላታለሁ፤ መልስ አላገኘሁም።»

መርማሪው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ያንን ፎቶ ያውቀዋል። ሾፌሩን ከልጆቹ ፊት በካቴና አስሮ የወሰደው እሱ ራሱ ነበር። ሰውየው መንገዱን በሙሉ «እኔ አይደለሁም» ሲል፣ ወንፊት የተባለው መርማሪ ፎቶውን አውጥቶ «ይኸው፣ አንተ ነህ» ብሎታል። የወንፊቱ ቀዳዳ ያን ዕለት ሰው የሚያሾልክ ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ጨለማ ክፍል ሰበሰባቸው። ደወሉ ተሰክቶ አረንጓዴ ነጥቡን ያበራል። ካሜራው በነበረበት ቆሟል፤ ትናንት የነበረው ሶፍትዌርም እንዳለ ነው።

«ትናንት እዚህ የገባው ሰው» ብሎ ጀመረ መርማሪው፣ «ጨለማው ይሸፍነኛል ብሎ ነው። ሲሊንደሩን ከፈተ። ከዚያ ደወሉን ለመንቀል ሲያጎነብስ ይቺ ነጥብ ፊቱ ላይ አረፈች። በዚያችው ቅጽበት ካሜራው አነሳ። ያነሳው ግን ጭላንጭል ነው። ፊቱን የሞላው ሶፍትዌሩ ነው፤ እሱም የሚያውቀው በዚህች ልጅ አልበም ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችሁ በተራ አጎንብሱልኝ።»

መጀመሪያ ገበያ አጥኚው አጎነበሰ። መብራቱ ጠፋ፣ በራ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጺማም ወጣት ብቅ አለ።

«የአጎቴ ልጅ ነው» አለች ልጅቱ።

ገበያ አጥኚው ጉንጩን ዳሰሰ። «እኔ ጺም የለኝም።»

«አልበሙ አያውቅዎትም፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ፊት አበደረዎት» አለ መርማሪው። «ሴት ግን አላደረገዎትም።»

ቀጥላ ልጅቱ አጎነበሰች። የገዛ ፊቷ ወጣ።

«እሷም እናቷን ትመስላለች» አለ መርማሪው። «ሌሊቱን ሙሉ ያሳሰበኝ እሱ ነበር። ነገር ግን አልበሟ በራሷ ፎቶ የተሞላ ነው። ገብታ ቢሆን ሶፍትዌሩ ራሷን ያገኛት ነበር፤ እናቷ ጋ አይደርስም። እናቲቱን የመረጠው፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው አልበሙ ውስጥ ፈልጎ ስላጣው ነው። እናቲቱን እንደ መንታ የሚመስል፣ አልበሙ ውስጥ ግን የሌለ ሰው። ሆን ተብሎ የጠፋ ሰው።»

የስልክ ክፍሉ ኃላፊ እምቢ ማለት ራሱ መልስ መሆኑ ገብቷት ወደ በሩ ሄደችና አጎነበሰች።

መብራቱ ሲበራ እኅቷ ስክሪኑ ላይ ነበረች።

ሴትዮዋ ቀርባ አየቻት። ጣቷን ወደ መስታወቱ ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው።

«ልትሞት ስትል አላየኋትም» አለች። «እንዲህ ሆና ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም።»

«ወረቀቱን እንደሚያነቡት ነገሩዎት» አለ መርማሪው።

«ለመንኳቸው። አንድ ዓመት ስጡኝ፣ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አልኳቸው። ‹ሾፌሩ አንድ ዓመት አለው ወይ?› አሉኝ።» እጆቿን አየች። «ያንን ስልክ ለመሥራት እኅቴን ትቻለሁ። ውሸታም ነው ከተባለ ለምን ተውኳት?»

ልጅቱ አክስቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «እማማ እስከ መጨረሻዋ ‹መጣች ወይ› ትል ነበር» አለች። «መንገድ ላይ ናት እያልኩ ዋሸኋት።»

ሴትዮዋ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሲወስዷትም አላስቸገረችም።

ጉባኤው ዐሥራ አምስት ቀን ዘግይቶ ተደረገ። ገበያ አጥኚው ጥናቱን አልቀየረም፤ ካሜራ እንደማያዋጣ ዛሬም ያምናል። ግን የሽማግሌውን ወረቀት ከጥናቱ ፊት አስቀድሞ፣ ድምፁ እየተቆራረጠም ቢሆን፣ ራሱ አነበበው። ጉባኤው ሌንሱ አንድ ዓመት እንዲሞከር፣ ሶፍትዌሩም ፊት መሙላቱን እንዲተው ወሰነ።

ፍርድ ቤቱ ሾፌሩን በነፃ ያሰናበተ ዕለት መርማሪው ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ሾፌሩ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። ከስቷል። ቆሞ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ መርማሪውን አየ።

«አውቅዎታለሁ» አለ።

«አዎ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ቃሉ እንደማይበቃ አውቃለሁ።»

ሾፌሩ ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሲናገር ቁጣ የለበትም።

«የመጀመሪያውን ዓመት እኔ አይደለሁም እያልኩ አለቀስኩ። በሁለተኛው፣ ያ ፊት የእኔ ነው፣ እንጃ፣ ሄጄ ይሆናል አልኩ። በሦስተኛው ዓመት አስታወስኩት። የክብሪቱን ሽታ፣ ስሮጥ ጫማዬ የገባውን ጠጠር፣ ሁሉንም። ዘበኛውን በህልሜም በውኔም ይቅርታ እለው ጀመር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ዳኛው ንጹሕ ነህ አሉኝ። እስቲ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ይሄን ትዝታዬን አሁን የት ላድርገው?»

መርማሪው ፌስታሉን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ልጆቹ እናታቸውን አስቀድመው መሻገር ጀመሩ። ሾፌሩ አያቸው፤ ወደ እነሱ ከመራመዱ በፊት ግን ማናቸው እንደሆኑ ለማረጋገጥ ፊታቸውን አንድ በአንድ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ ተመለከተ።