ልጅሽ እስኪመለስ

ያለምወርቅ ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ የቀረውን ዕድሜዋን እንዴት እንደምትኖር ቆርጣ ጨርሳ ነበር። ባሏ ክንዴ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። መሬቱን ለአንድ ልጇ ለእንዳላማው ታስረክበዋለች፤ እሱ ይጦራታል። እሷ ዲማ ገዳም ሄዳ ቆብ ትጭናለች፤ ከዚያ ከልጇ ጓሮ ጎጆ ተሠርቶላት፣ ጥጥ እየፈተለች፣ ቤተ ክርስቲያን እየሳመች ቀኗን ትጠብቃለች። በይጁቤ ዙሪያ እኩዮቿ ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እሷም የተለየ ነገር አምሯት አያውቅም።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ጠመንጃ አስረክቡ የሚል ትእዛዝ ከደብረ ማርቆስ መጣ። እንዳላማው የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ወደ ዓባይ ቆላ ወረደ። ሚስቱ ሕፃኗን አዝላ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። ያለምወርቅ ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና ያልታረሰ መሬት ይዛ ብቻዋን ቀረች።

መስከረም ላይ የባሏ ታላቅ ወንድም አካለ ወልድ መጣና መደብ ላይ ተቀመጠ።

«ቆቡን ለምን ታዘገዪዋለሽ?» አላት። «መሬቱን እኔ ልረሰው። እኔ እጦርሻለሁ።»

«ልጄ ሲመለስስ?»

«ከተመለሰ ማን ይከለክለዋል?»

‹ከተመለሰ› ያላት ቃል ካፉ ስትወጣ ቀላል ነበረች። ያለምወርቅ ግን ሰማቻት።

«ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አለችው።

ጥቅምት እንደ ገባ ፈትሏን ይዛ ይጁቤ ገበያ ወጣች። ረፋድ ላይ አንድ ሽበታም ረጅም ሰው፣ አንድ እግሩን ቆጠብ እያደረገ መጥቶ ከፊቷ ቆመ። ከፈትሉ አንዱን አንስቶ አገላበጠው።

«የበቅሎ ኮርቻ ልሰፋበት ነበር» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «ጌታዬ፣ ይህ የነጠላ ፈትል ነው። ኮርቻ የሚሰፋው በጠፍር ነው።»

«አውቃለሁ። አርባ ዓመት ሰፍቼዋለሁ» አለ ሰውዬው። «ጨዋታ የምጀምርበት ባጣ ነው።»

ያለምወርቅ አልሳቀችም። ሰውዬው ፈትሉን በቦታው መልሶ፣ እጅ ነስቶ ከሄደ በኋላ ግን ሳቋ መጣባትና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ስሙ ደምለው ነው። ትውልዱ ደብረ ወርቅ ሲሆን፣ ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ ጨውና ቡና በበቅሎ እየጫነ አገር ላገር ሲዞር የኖረ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ካሚዮን ከመጣ ወዲህ የበቅሎ ጭነት የሚፈልግ ጠፋ። ከአምስት በቅሎዎቹ አንዲት ቀርታለታለች። ሚስት በወጣትነቱ አግብቶ ነበር፤ እሱ ከመንገድ ሳይመለስ በወረርሽኝ ሞተችበት። ልጅ አልወለደም።

በሚቀጥለው ገበያም መጣ። በሦስተኛው ገበያ አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

«እመት ያለምወርቅ፣ ሽማግሌ ሳልልክ የማልችለውን አስቀድሜ ልንገርዎት። ማረስ አልችልም። ጉልበቴም ቁልቁለት አይወድም።»

«የሚችሉትስ ምንድን ነው?»

«አጥር አጥራለሁ፤ ንብ አውቃለሁ። በቅሎዋን አከራያለሁ። ወጥም እሠራለሁ።»

«ወንድ ወጥ ይሠራል?»

«በረሃ ላይ ማን ሊሠራልኝ ኖሯል?»

ገበያው መበተን ጀምሯል። እሱ እጆቿን ሲያይ አየችውና በነጠላዋ ሸፈነቻቸው።

«እኔ ቆብ ልጭን ነው ያሰብኩት» አለች።

«ሰምቻለሁ። ቆብ የተከበረ ነው። ግን ወደውት ነው ወይስ ሌላ ስለሌለ?»

ይህን እስካሁን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ፈትሏን ጠቅልላ ተነሣች። መንገዱን ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ስታወጣ ስታወርድ ቤቷ ደረሰች።

ወሬው አካለ ወልድ ጆሮ ገባ። በማግሥቱ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ተናገራት።

«ያ ሰው ለጣሊያን ስንቅ የጫነ ነው። ልጅሽ ጫካ ለጫካ ይንከራተታል፣ አንቺ የባንዳ ሚስት ልትሆኚ!»

በቀጣዩ ገበያ ማልዳ ወጣች። ደምለውን ገና ስታየው ጠየቀችው።

«ጭነዋል?»

«ጭኛለሁ» አለ። «ሃያ ሁለት ቀን። በቅሎዎቼን ይዘው አንተም አብረህ ንዳ አሉኝ። ገብስ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ምሽጎቻቸው። አራቱ በቅሎዎች እዚያው ቀሩ።»

«እምቢ አይሉም ነበር?»

«እምቢ ያለውን ሰው ምን እንዳደረጉት አየሁ።»

ይህን ሲል ዓይኑን አላሸሸም። ያለምወርቅ ፈትሏን መልሳ ቋጠረች።

«ልጄን ሳልጠይቅ አይሆንም» አለች በመጨረሻ።

በሦስተኛው ቀን ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ወደ ቆላ ወረደች። ኬላ ላይ ወታደሮቹ አስቆሟት፤ ጠበል ልጠመቅ ነው አለቻቸው፤ አሮጊት ናት ብለው አሳለፏት። እንዳላማውን ሁለት ቀን ፈልጋ አገኘችው። ከስቷል፤ ጠጉሩም አድጓል። እቅፍ አድርጋ ስማው፣ ስንቁን ሰጥታው፣ የመጣችበትን ነገር አንዱንም ሳትደብቅ ነገረችው። የገብሱንም ጭምር።

ፊቱ ጠቆረ። «እውነተኛ ሰው ከሆነ ለእኛ ጥይት ይጫንና ይታይ።»

«እንዳላማው፣ እኔ ባል ላገባ ነው የመጣሁት፤ ወታደር ልመለምልልህ አይደለም። ስልሳ ዓመቱ ነው፤ አንድ ጉልበቱ አይታጠፍም።»

እንዳላማው መሳቅ አልፈለገም፤ ሳቁ ግን አመለጠው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሬቱን በጣቱ ጫር ጫር አደረገ።

«እዚህ ተኝቼ የማስበው አንቺን ማን እንደሚጦርሽ ነው» አለ።

«ማንም ማንንም አይጦርም። እንጧጧራለን።»

«መሬቱስ?»

«መሬቱ ያንተ ነው። ለጎረቤታችን ለንጉሴ የእኩል እንዲያርሰው እንሰጠዋለን።»

«ወደሽው ነው?»

ያለምወርቅ የልጇን ዓይን ማየት አቃታት። «ወድጄው ነው» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መስሎ ተሰማት።

«እንግዲያ እኔ እስክመለስ ይጠብቅሽ» አላት።

ስትመለስ ደምለውን ይጁቤ መግቢያ ላይ ቆሞ አገኘችው። ከሄደች ጀምሮ በየቀኑ እዚያ ሲቆም እንደነበር ኋላ ከሰው ሰማች።

«ምን አለ?» አላት።

«‹እኔ እስክመለስ ይጠብቅሽ› አለ።»

«እስኪመለስ» አለ ደምለው። ነጋዴ ነው፤ ቃል ሲሰጠው ልኩን ይይዛል።

«ምነው፣ አልወደድከውም?» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ኅዳር ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት በሰማኒያ ተጋቡ። አካለ ወልድ አልመጣም።

ኑሯቸው የሚወራለት ዓይነት አልነበረም። ንጉሴ አረሰ፤ እኩሌታውን ሰጣቸው። ደምለው አጥሩን አጠረ፤ ጓሮ አራት ቀፎ ሰቀለ። ወጡ ላይ ጨው ያበዛል እያለች ትነጫነጫለች፤ እሱ ጨው ነጋዴ ነበርኩ ይላታል። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ክሩን በመርፌዋ እሱ ያሾልክላታል፤ ብርድ ሲገባ ጉልበቱን እሷ በቅቤ ታሸዋለች። ጣሊያን ጠመንጃ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ቤታቸውን በርብሮ እህላቸውን በተነው። ሁለቱንም ጊዜ ከአፈር እየለዩ ለቀሙት። አንድ ነገር ብቻ ይከነክናት ነበር። እንዳላማው ደኅና ነው የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ደምለው እግዚአብሔር ይመስገን ይልና ወደ ቀፎዎቹ ሄዶ ይቆያል። ልጄን አይወደውም ማለት ነው ብላ በሆድዋ ያዘችው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት፣ መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ወጣ። ከሳምንት በኋላ እንዳላማው መጣ። መንደሩ በእልልታ ተቀበለው። ደምለው በግ አረደ፤ ውሃ አሙቆ የልጁን እግር አጠበ፤ ሰው ሁሉ እስኪበላ ድረስ ቆሞ አስተናገደ።

በማግሥቱ ያለምወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ በቅሎዋ ግቢው መሀል ተጭና ቆማለች። ደምለው ጠፍሩን እያጠበቀ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ደብረ ወርቅ። የእህቴ ልጅ አለ።»

«ምን ሆኖ?»

«ምንም አልሆነም። ልጅሽ ተመለሰ።» ጠፍሩን አልለቀቀም። «ቃላችን እስኪመለስ ነበር።»

ነገሩ እስኪገባት ቆየ። ከዚያ እነዚያ ወሬ የመጣባቸው ቀኖች፣ ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶ ቀፎ ሥር የቆመባቸው ሁሉ፣ ባንድ ጊዜ ትዝ አሏት።

«ሁለት ዓመት ተኩል ይህን በሆድህ ይዘህ ነው ከጎኔ የተኛኸው?»

«ቃል ነዋ» አለ ደምለው ቀስ ብሎ።

«የተናገረው እሱ ነው። እኔ እስከዚህ ጊዜ ድረስ ብዬህ አውቃለሁ?»

ደምለው አሰበ። «አላልሽም።»

«ልጄ ልጄ ነው፤ ይጦረኝ፣ ይቅበረኝ። ባሌ ግን አንተ ነህ። አውርደው።»

እሱ አልተንቀሳቀሰም። ያለምወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ በበቅሎዋ ወዲያኛው በኩል ዞራ የጠፍሩን ቋጠሮ ራሷ መፍታት ጀመረች። ጠብቆ ስለነበር ጥፍሯ ታጠፈ። ይሄን ጊዜ እሱም ከወዲህኛው በኩል እጁን ሰደደ።

እንዳላማው ጋቢውን እንደ ተከናነበ፣ ዓይኑን እያሸ ከቤት ወጣ። በቅሎዋን አየ፤ ሁለቱን አየ።

«እማ፣ ደግሞ ማን ሊሄድ ነው?»

«ማንም» አለችው፤ ኮርቻውንም ወዲህና ወዲያ ይዘው አወረዱት።